ለአዘዞው መካኒክ ምስጋና፣ አሮጌ ላንድሮቨር ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

እጃቸው ይባረክ! ሰው በአደባባይ የማመስገን ልማድ የለኝም፤ የዛሬው ግን ዝም ቢባል ግፍ ነው። ጎንደር አዘዞ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ጋራዥ የሚሠሩ በዕድሜ የገፉ መካኒክ አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ስሜን እንዳትጽፍ ብለውኛል፣ አልጽፍም። ስልካቸውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደንቢያ ሽምብራና በርበሬ እያመጣሁ ጎንደር እሸጣለሁ። የቆላድባን ዙሪያ ዋልካ ጭቃ በክረምት ያየ ያውቀዋል። ባጃጅ አይሞክረውም፤ የኪራይ መኪናም "ከዚህ ወዲያ አልገባም" ብሎ እህልህን መንገድ ዳር ያራግፍልሃል። አዲስ ፒካፕ እንዳይገዛ ዋጋው የት ደርሶ! እናም አንድ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ያደረባትን ረጅሟን ላንድሮቨር ሲሪስ 3 በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ገዛኋት። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ከተመረቱት አንዷ ናት። ዘመዶቼ ሳቁ። አጎቴማ "ለቆራሌው ምን አጣደፈህ፣ ቀድመኸው ገዛህ?" አለኝ።

መጀመሪያ ያየው ጋራዥ፣ ስሙን ተዉት፣ ጎኗን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ሊቀባልኝ ነበር። ሻንሲውን፣ ከሥር መኪናዋን የተሸከመውን ብረት፣ ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየም።

ጋሼ ግን ገና ሰላም ሳንባባል ካርቶን አንጥፈው ሥሯ ገቡ። በትንሽ መዶሻ ሻንሲውን ከፊት ወደ ኋላ ኳ ኳ እያደረጉ ሄዱ። ደህናው ብረት ይጮሃል። ወደ ኋላ ሲደርሱ ድምፁ ዱብ አለ። ካቻቢቴ ተቀበሉና ወጋ ሲያደርጉት ዘው ብሎ ገባ፣ ከቀዳዳውም የደረቀ ዋልካ እየተንኮታኮተ ፈሰሰ። "ልጄ፣ እዚህ ውስጥ እኮ ጤፍ ይዘራል!" አሉኝ።

የላንድሮቨር ነገር ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ቆዳዋ አሉሚኒየም ነው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1948 ስትወጣ እንግሊዝ አገር ከጦርነቱ በኋላ ብረት ስላጠረ ነው አሉ እንዲያ የተሠራችው። ስለዚህ ከውጭ ስታያት ዝገት የለባትም፣ ደህና ትመስላለች። አጥንቷ ግን ብረት ነው፤ ሻንሲውም፣ ሞተሩን ከጋቢናው የሚለየው ግድግዳም። ሻንሲው ደግሞ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ጭቃ ገብቶ እርጥበት እንደያዘ ይቀመጥና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። እኔ ጎኗ ላይ የተጨራመተውን ሳይ፣ እሳቸው "እሱን ተወው፣ የሚገልህ ከታች ያለው ነው" ይሉኛል።

መፍትሔያቸው ሌላ መኪና መግዛት ነበር። ለዕቃ። ማክሰኝት አካባቢ ከኋላ የተጨፈለቀች አጭሯ ላንድሮቨር ተገኘች። ለመግዛት ሳኮበኩብ "ሊብሬዋስ?" አሉ። ሊብሬ የሌለው ሞተር አይነኩም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ጨርቅ በነዳጅ ነክረው ጠርገው፣ ከሊብሬው ጋር አስተያይተው ነው እሺ ያሉኝ። ያኔ ሙግት መስሎኝ ነበር፤ ኋላ የሞተር ቁጥር ለማስቀየር መንገድ ትራንስፖርት ስሄድ ነው ነገሩ የገባኝ።

ከአጭሯ ሞተሩ፣ ካምቢዮው (ማርሹ)፣ በሮቹ፣ የፊት መስታወቱና ያ የብረት ግድግዳ ተወሰደ። ሁሉም ቁጭ አለ፤ ረጅሟና አጭሯ በእነዚህ ነገሮች አንድ ናቸው። ሞተሩ እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ የተሠራው ነው፤ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) እንደ ድሮው በ3 ሳይሆን በ5 ቦታ ተደግፎ ስለሚዞር ይበልጥ ጠንካራ ነው። እንዲያም ሆኖ እንዳለ አልገጠሙትም። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) አውርደው ቶርኖ ቤት ልከው አስተካከሉት፣ ከሥሩ የሚነጠፈውን ጓርኒሲዮንም በአዲስ ቀየሩ።

እኔ በዚህ ሁሉ ስለተደሰትኩ "ጋሼ፣ ፍሬኑንም ከእሷ እንውሰድ እንጂ፣ ሸራው አዲስ ነው" አልኳቸው።

"አይሆንም። የእሷ የፍሬን ታምቡር 10 ኢንች ነው፣ ያንተ 11። ኩንታል ደርድረህ ቁልቁለት ላይ ምን ልትሆን ነው?"

ባሌስትራውንም (ጭነት የሚሸከመውን ተደራራቢ ብረት) እንዲሁ አልተቀበሉትም፤ የአጭሯ ለጭነት ይሳሳል። የፍሬኑና የባሌስትራው ዕቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ መጣ። ወጪዬ ጨመረ፣ ግን እሺ ብለው ቢገጥሙልኝ ምን አውቅ ነበር? እኔ ለእኚህ ሰው ነው የምከፍለው፤ እምቢ ለሚል መካኒክ።

በያጁን ልጅም ሳላመሰግን አላልፍም። የበሰበሰውን የሻንሲ ጭራ ቆርጦ አዲስ ብረት ከመበየዱ በፊት ከጥግ እስከ ጥግ ሲባጎ ወጥሮ በመስቀልኛ ለካ፤ ሁለቱ ልክ እኩል ካልሆኑ መኪናዋ ዕድሜዋን ሙሉ በጎን ነው የምትሄደው። ከዚያ ትንሽ ይበይዳል፣ ያቆማል፣ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል፣ እንደገና ይለካል። እሳት ብረት ይጎትታል አለኝ። ቡሎንና ዳዶው ደግሞ በየቲማቲም ድልህ ቆርቆሮው ተለይቶ፣ ላዩ ላይ በማርከር ተጽፎበታል። ሲገጣጠም አንድ ቡሎን ጠፋ ሲባል አልሰማሁም።

ሒሳቡስ? ከአጭሯ የተረፈው ወንበርና ጣራ ሲሸጥ ጋሼ ደብተራቸው ላይ ጽፈው ከእጅ ዋጋ ቀንሰውልኛል። ሳልጠይቃቸው!

ችግር የለባቸውም አልልም። ቀርፋፋ ናቸው። ስልክ አያነሱም። የሚያብለጨልጭ ቀለም የምትፈልጉ ሌላ ቦታ ሂዱ፣ የእኔዋ ቀለም ከሩቅ ሲያዩት ነው የሚያምረው። ኮምፒውተር ያለበትን መኪናም አይነኩም። ላንድሮቨሯም ብትሆን ቤንዚን ትጠጣለች፣ እሱን ጋሼም አይፈውሱትም። ግን ዘንድሮ ዋልካውን በ4 ጎማዋ እየቀዘፈች እህሌን ከአውድማ አንስታ ቅዳሜ ገበያ አድርሳዋለች። አጎቴም ኩንታሎቹን ላኩልኝ ማለት ጀምሯል።

የምትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ ሊብሬ ያዙ፣ የእጅ ዋጋ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ከተናገሩት አይጨምሩም። የአጭሯ የኋላ ዲፈረንሲያልና የነዳጅ ታንከር አሁንም ጋራዡ ውስጥ አለ። የሚፈልግ ካለ ዋጋውን ከእሳቸው ጋር ይጨርስ፣ እኔ ጣልቃ አልገባም።