ሲግናሉ ሙሉ፣ ኢንተርኔቱ የለም፦ ከታይዋን የገዛኋት ኤክስቴንደር

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የምንኖርበት ቤት ግድግዳው የድሮ ድንጋይ ነው። ለድሬ ሙቀት ፍቱን ነው፣ ለዋይፋይ ግን ጠላት። ራውተሩ ሳሎን ተቀምጧል። እኔ የሂሳብ ሥራዬን የምሠራው ከጓሮ በኩል ባለችው ትንሽ ክፍል ነው። እዚያ ስገባ ስልኬ ላይ ካለው የዋይፋይ ምልክት አንድ መስመር ብቻ ትቀራለች። ስለዚህ ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ሄጄ፣ የራውተሩን ዋይፋይ ተቀብላ ራቅ ወዳለ ክፍል የምታሻግር ኤክስቴንደር በ1,800 ብር ገዛሁ። ሶኬት ላይ የምትሰካ፣ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል፣ ሁለት አንቴና ያላት ነጭ ዕቃ ናት። ማን እንደሠራት አልናገርም፤ ጥፋቱ የማን እንደነበር ወደ ታች ስትወርዱ ታያላችሁ።

ሻጩ «ጠረጴዛሽ አጠገብ ሰኪያት» አለኝ። ሰካኋት። ምልክቱ ሙሉ ሆነ፣ እኔም ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ከሰዓት በኋላን አልተሻገረም። አዲስ አበባ ካለው አለቃዬ ጋር በቪዲዮ እያወራሁ ሰውዬው አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ምልክቱን አየሁ፤ ሙሉ ነው።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ጠዋት ጠዋት ይሻለዋል። ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ሰፈሩ ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ቤቱ ሲገባና በርጫው ሲደራ፣ ይቆራረጣል። ራውተር ማጥፋትና ማብራት ሥራዬ ሆነ። ኢንተርኔት የሚያቀርቡትንም ያለ ጥፋታቸው ስረግም ከረምኩ።

በመጨረሻ ስልክ የሚጠግን የሰፈር ልጅ ለምኜ አመጣሁ። እናቱ ልሆን እችላለሁ፤ የድሬ ልጅ ነውና «አንቺ» እያለ ነው የሚያወራኝ። ላፕቶፔ ላይ ጥቁሩን መጻፊያ ከፍቶ «ፒንግ» ብሎ የራውተሩን አድራሻ፣ 192.168.1.1ን፣ ጻፈ። «ኢንተርኔቱን ገና አልነካሁትም፤ ይሄ ሳሎንሽ ደርሶ መመለስ ነው» አለኝ። መልሱ አንዴ በ4 ሚሊሰከንድ መጣ፣ አንዴ በ900፣ አንዴ ጭራሽ ቀረ። ከዚያ ላፕቶፑን ሳሎን ወስዶ ራውተሩ ላይ በኬብል ሰካው። ሁሉም በ1 ሚሊሰከንድ ተመለሰ። የውጭ አድራሻም ሞከረ፣ አንድም አልቀረም፤ ያውም በ9 ሰዓት። መስመሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። የሚጠፋው ከሳሎን እስከ ጠረጴዛዬ ድረስ ባለው አየር ላይ ነው።

ለካ ስልኬ ሲያሳየኝ የነበረው ለኤክስቴንደሯ ያለኝን ቅርበት ነው። እሷ ራሷ ራውተሩን የምትሰማው እንደኔው በአንድ መስመር ነበር። «ወሬውን በደንብ ያልሰማ መልእክተኛ አጠገብሽ አስቀምጠሽ፣ ድምፁ ጎልቶ ይሰማኛል ትያለሽ» ብሎ ሳቀብኝ። ጎኗ ላይ ያለችው ቀይ መብራትም ይህንኑ ስትነግረኝ ኖራለች። መመሪያ ማን ያነባል?

ነቅሎ ኮሪደሩ መሃል፣ ራውተሩ ገና በደንብ የሚሰማበት ቦታ፣ ሰካት። መብራቷ ሰማያዊ ሆነ። ቀጥሎ በስልኩ የጎረቤቱን ዋይፋይ ቆጠረ። ዋይፋይ የሚሄድባቸው መንገዶች ቻናል ይባላሉ፤ ቻናል 6 ላይ እኔን ጨምሮ ዘጠኝ ቤት ተጨናንቋል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። 1 ላይ የነበሩት ሁለት ቤቶች ብቻ ስለሆኑ ራውተሩን ወደዚያ አዞረው፤ የጎረቤትን ቻናል እንዳይነካም የቻናሉን ስፋት ከ40 ወደ 20 ሜጋኸርዝ አወረደው። ኤክስቴንደሯ ተከትላው ሄደች። 300 ብር ተቀበለኝ፤ አልተወደደብኝም።

ዕቃዋስ? አትከፋም። በአንዷ ሬዲዮ ተቀብላ በዚያችው ስለምታስተላልፍ ፍጥነቱ የሳሎኑ ግማሽ ገደማ ነው። ለስብሰባና ሪፖርት ለመላክ ይበቃኛል። መሰኪያዋ አሮጌው ሶኬታችን ውስጥ ይላላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ከራውተሩ ቀድማ ትነሳና ትደናገራለች፤ ነቅሎ መሰካት ነው። ቤታችሁ መሃል ላይ ሶኬት ካለ ግዟት። ከሌለ ግን ገንዘቡን ለኬብል አውሉት፤ ልጁም ቢሆን ከሁሉም የሚሻለው ኬብል ነው ብሎኛል።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ የሚታየው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ስብሰባዬ ግን አይቆረጥም። የ14 ዓመቱ ልጄ ሲግናሉ ቀነሰ ብሎ አኩርፏል። ኤክስቴንደሯን ነቅሎ አልጋው አጠገብ ሲሰካ ሁለት ጊዜ ይዤዋለሁ።