አዲሱን ስትራቴጂ ጌም መጠበቅ ወይስ አሮጌውን ከነኤክስፓንሽኑ መግዛት?

ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፣ «አዲሱ ሊወጣ ነው ይባላል፣ አሮጌውን አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?» በቃ መልሴን አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። ለኳስ ጌም ቢሆን ጥያቄው ቀላል ነበር፣ አዲሱ ወጣ፣ አሮጌው ተረሳ፣ አለቀ። ስትራቴጂ ላይ ግን እንደዛ አይደለም፣ ምክንያቱም አዲሱ የሚወዳደረው አሮጌው በወጣበት ቀን ከነበረው ጋር ሳይሆን አምስት ስድስት ዓመት ሙሉ ፓች (ማስተካከያ) ሲደረግ፣ ኤክስፓንሽን (ለብቻው የሚሸጥ ትልቅ ጭማሪ) ሲጨመርበት፣ ሲስተካከል ከኖረው ጋር ነው። ስለዚህ አዲሱ ሲወጣ ጎዶሎ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜም የእውነት ጎዶሎ ነው።

ኤክስፓንሽን እንዴት እንደምመዝን መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ የቀረው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ስትራቴጂ ጌም የምትጫወቱ ሁሉ ታውቁታላችሁ፣ የመጀመሪያው መቶ ተርን (ዙር) ይጣፍጣል፣ ካርታው ጨለማ ነው፣ ጎረቤት ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ እያንዳንዷ ውሳኔ ታስጨንቃለች። ከዛ መሃል ላይ አንዴ ከበለጣችሁ በኋላ ማሸነፋችሁ የታወቀ ይሆንና ዝም ብሎ ቁልፍ መጫን ይቀራል። የዚህ ዓይነት ጌም ትልቁ በሽታ ይሄ ነው። ይሄን በሽታ የሚያክም ኤክስፓንሽን ሙሉ ዋጋውም አያስቆጭም፣ አዲስ ባንዲራና አዲስ የመሪ ፊት ብቻ የሚጨምረው ደግሞ ቅናሽ እስኪደረግበት ቢቆይ ምንም አይቀርባችሁም።

ከሲቪላይዜሽን ልጀምር። ስድስተኛው ሲቪላይዜሽን፣ ማለትም ሲቪ 6፣ ኦክቶበር 2016 ሲወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ቆንጆ ነበር ግን ከመሃል በኋላ ይደክም ነበር። ፌብሩዋሪ 2018 የመጀመሪያው ኤክስፓንሽን ራይዝ ኤንድ ፎል መጣ፣ የከተማ ታማኝነት፣ ገዢ መሾም፣ ወርቃማ ዘመንና የጨለማ ዘመን አመጣ፣ ከዛ በዓመቱ ፌብሩዋሪ 2019 ጋዘሪንግ ስቶርም ተከተለ፣ ጎርፍ፣ እሳተ ገሞራ፣ አውሎ ነፋስ፣ የዓለም ጉባኤ፣ በዲፕሎማሲ ማሸነፍ፣ ደግሞም ከሰልና ነዳጅ ስታቃጥሉ ባሕሩ ከፍ እያለ የባሕር ዳርቻ መሬታችሁን የሚበላበት ነገር። ይሄ ሁለተኛው ነው ጌሙን ያዳነው ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም በፊት እንቅልፍ የሚያመጣው የመጨረሻው ክፍል ላይ አሁን የሚያሳስብ ነገር አለ፣ ፋብሪካውን ላብዛ ወይስ ከተማዬን ላትርፍ ብላችሁ ታስባላችሁ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ጋዘሪንግ ስቶርምን ብቻ ብትገዙ የራይዝ ኤንድ ፎል ዋና ዋና ሲስተሞች፣ ማለትም ታማኝነቱ፣ ገዢዎቹ፣ ዘመኖቹ፣ አብረው ይመጣሉ፣ የሚቀሩባችሁ የሱ ሥልጣኔዎችና መሪዎች ናቸው። ስለዚህ አንዱን ብቻ መግዛት ከቻላችሁ የኋለኛውን ግዙ።

ከነዚህ በኋላ በ2020 እና በ2021 ኒው ፍሮንቲየር የሚባለው ፓስ (አንዴ ተከፍሎበት በየጊዜው የሚደርስ ጥቅል) ስድስት ፓክ፣ ማለትም ስድስት ትንንሽ ጭማሪ፣ ይዞ መጣ። እዚህ ላይ ምዘናዬ በደንብ ይታያል። ጁላይ 2020 የወጣው የኢትዮጵያ ፓክ ዳግማዊ ምኒልክን ይዞ ነው የመጣው፣ አብሮት ግን ሚስጥራዊ ማኅበራት የሚባል የጨዋታ ሞድ ነበር፣ እና እኔ ለምኒልክ ብዬ ገብቼ የቆየሁት በዛ ሞድ ምክንያት ነው፣ መሪው አንድ ጨዋታ ነው የሚቀይረው፣ ሞዱ ግን የትኛውንም ሥልጣኔ ይዛችሁ ብትጫወቱ አለ። ፓክ ስትገዙ የመሪውን ፎቶ አይታችሁ አትወስኑ፣ ከሥሩ የተጻፈውን አንብቡ።

አሁን ወደ ሲቪ 7። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2025 ወጣ። ስንጠብቀው የነበርን ሰዎች ደስታችን ብዙ አልቆየም፣ ጌም የሚሸጥበት ስቲም ላይ ሪቪውው (የገዢዎች አስተያየት) ተደባለቀ፣ የስክሪኑ አቀማመጥ መረጃ ይደብቃል ተባለ፣ ጨዋታው ሃያኛው ክፍለ ዘመን መሃል አካባቢ ይቆማል፣ ካሸነፋችሁ በኋላ «አንድ ተርን ልጨምር» ብላችሁ የምትቀጥሉበት ቁልፍ እንኳን መጀመሪያ አልነበረም፣ በኋላ በነፃ ፓች ነው የመጣው። ግን እውነቱን እንናገር፣ ሐሳቡ ትክክል ነው። ጨዋታውን በሦስት ዘመን ከፍለውታል፣ እያንዳንዱ ዘመን በቀውስ ያልቃል፣ ከዛ አዲስ ሥልጣኔ ትመርጣላችሁ፣ ብዙ ነገርም እንደገና ይስተካከላል፣ ስለዚህ አንዴ የበለጠው ሰው ዝም ብሎ ርቆ አይሄድም። ያ ያልኳችሁን በሽታ ፊት ለፊት ሊያክም የሞከረው ይሄ ነው። ችግሩ መድኃኒቱን ሁሉም ሰው አልወደደውም፣ በአክሱም ጀምሮ በአክሱም መጨረስ የሚፈልግ ሰው መሃል ላይ ሌላ ሕዝብ ምረጥ ሲባል ታሪኩ የተቆረጠበት ይመስለዋል፣ እኔም በከፊል እንደዛ ነው የሚሰማኝ።

ስለዚህ ሲቪ ተጫውቶ ለማያውቅ ሰው ያለምንም ማመንታት ሲቪ 6 ከነሁለቱ ኤክስፓንሽን፣ ያውም በቅናሽ ጊዜ፣ ቤዝ ጌሙ (ያለ ጭማሪ ዋናው ጌም) ዘጠና በመቶ ሲቀንስ በዓይኔ አይቻለሁ። ሲቪ 6ን ብዙ መቶ ሰዓት የተጫወተና የመጨረሻው ክፍል የሰለቸው ሰው ደግሞ 7ን ይሞክር፣ እሱ ነው የተሠራለት። ከጓደኛ ጋር ለምትጫወቱ ግን ተጠንቀቁ፣ ሲቪ 6 ላይ ኤክስፓንሽኑን ለመጫወት ሁላችሁም ያ ኤክስፓንሽን ሊኖራችሁ ይገባል፣ እና አራት ሰው አራት ጊዜ መክፈል ማለት ነው።

ፓራዶክስ የሚባለው ኩባንያ ጌሞች ላይ ይሄ ተቃራኒ ነው። ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ፣ ክሩሴደር ኪንግስ፣ ስቴላሪስ፣ እነዚህ ላይ ጨዋታውን የከፈተው ሰው ዲኤልሲ (ኤክስፓንሽንም ሆነ ትንሽ፣ ተከፍሎበት የሚወርድ ጭማሪ) ካለው የገቡት ሁሉ አብረው ይጠቀማሉ፣ አንድ ሰው ገዝቶ ሌላው ቤዝ ጌሙን ብቻ ይዞ ይገባል። በቡድን ለሚጫወት ትልቅ ነገር ነው። ብቻውን ለሚጫወት ግን የፓራዶክስ ዲኤልሲ ዝርዝር ያስፈራል። ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 (ኢዩ 4) በ2013 ወጥቶ ከአስር ዓመት በላይ ሲጨመርበት ኖረ፣ አዲስ ሰው የስቲም ገጹን ሲያይ ከየት ልጀምር ብሎ ትቶ ይወጣል፣ እና አልፈርድበትም። እዚህ ውስጥ ጥሩም መጥፎም አለ። አርት ኦፍ ዋር በ2014 ጦርነቱን አቀለለው። ኮመን ሴንስ በ2015 ሲወጣ ግን አውራጃ የማሳደግ ሥራ፣ ማለትም ሳትዋጉ አገራችሁን የምትገነቡበት ዋናው መንገድ፣ ከፍሎ ለገዛ ብቻ ሆነ፣ ይሄን አሁንም አልወደውም፣ መሠረታዊ ነገር መሸጥ የለበትም። ኤፕሪል 2021 ደግሞ ሌቫያታን ወጣ፣ በባግ የተሞላ ነበር፣ ስቲም ላይ የደረሰበትን ሪቪው ያየ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ኢዩ 4 ላይ የወር ክፍያም አለ፣ ሁሉንም ዲኤልሲ ይከፍታል፣ እና የእኔ ምክር አንድ ወር ከፍላችሁ ተጫወቱ፣ ከወደዳችሁት በኋላ የትኛው እንደሚያስፈልጋችሁ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ኢዩ 5 ኖቬምበር 4 ቀን 2025 ወጣ፣ እና ይሄኛው መጠባበቅ ራሱ የተለየ ነበር። ገና የጌሙ ስም በይፋ ሳይነገር ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በየሳምንቱ ስለ አሠራሩ ይጽፉ ነበር፣ ካርታውን ያሳያሉ፣ ሰው ይሄ ድንበር ተሳስቷል ይላል፣ ያስተካክላሉ። ከዚህ የተነሳ የምትገዙት ነገር ምን እንደሆነ ቀድሞ ይታወቅ ነበር፣ ትሬለር አይቶ ከመጓጓት ይሄ በጣም ይሻላል። ጨዋታው በ1444 መጀመሩ ቀርቶ በ1337 ይጀምራል፣ ጥቁሩ ሞት ገና አልመጣም፣ ሕዝቡ በእውነተኛ ቁጥር ይቆጠራል፣ ስለዚህ ወረርሽኙ ሲመጣ የሚሞተው ግብር የሚከፍለውና ወታደር የሚሆነው ሰው ነው። ኢዩ 4 ላይ አውራጃ ማለት ሦስት ቁጥር ነበር፣ እዚህ ሰው አለበት። ግን ኮምፒውተራችሁ ደከም ያለ ከሆነ ሲፒዩና ራም ላይ ይከብዳል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ጌሙ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ነው ልዩነቱ የሚታየው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው እንደ ሲቪ አይደለም ውሳኔዬ። ኢዩ 4ን ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ያንን ሁሉ ዲኤልሲ ተሸክሞ መጀመር ትርጉም የለውም፣ 5ን ይጀምር፣ ንግድና ግንባታን ለኮምፒውተሩ አስረክቦ ቀስ በቀስ መማር ይቻላል። ኢዩ 4 ያለው ሰው ግን አይቸኩል፣ በሚስዮኖቹ (ለየአገሩ በሚሰጡት ግቦች) በተለይ የየአገሩ ታሪክ ገና እዛ ነው የሞላው፣ 5 ላይ ያ እስኪሞላ ኤክስፓንሽን መጠበቅ አለ።

እዚህ ላይ ስለ ሌላው የፓራዶክስ ጌም ኢምፔሬተር ሮም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ኤፕሪል 2019 ወጣ፣ ባዶ ነው ተባለ፣ ሰው ትቶት ሄደ፣ ከዛ ፌብሩዋሪ 2021 በነፃ 2.0 ፓች እውነተኛ ጌም ሆነ፣ በዛው ዓመት ደግሞ ሥራው ቆመ። በጣም ያሳዝነኛል ምክንያቱም የ2.0ው ጌም የሚወደድ ነው። «አሁን ጎዶሎ ቢሆንም በኤክስፓንሽን ይሞላል» ብሎ መግዛት አደጋው ይሄ ነው። ቶታል ዋር ስሪ ኪንግደምስም በ2019 ወጥቶ በ2021 ድጋፉ ሲቆም ብዙ ሰው ገና የሰሜኑን ኤክስፓንሽን እየጠበቀ ነበር። እኔም አንድ ሌላ ጌም፣ ስሙን ተዉት፣ ሳይወጣ ከነሲዝን ፓሱ (ወደፊት ለሚመጡ ጭማሪዎች ቀድሞ የሚከፈል) ገዝቼ ቃል ከተገባው አንዱ ብቻ ደርሶኛል፣ የቀረው እስከዛሬ የለም። ከዛ ቀን ጀምሮ ሲዝን ፓስ ቀድሜ አልገዛም፣ ዛሬ የሌለ ነገር ላይ አልከፍልም።

ቶታል ዋር ዋርሃመር ግን ሌላ መንገድ ነው የሄደው። በ2016፣ በ2017 እና በ2022 ሦስት ጌም ወጣ፣ የመጀመሪያዎቹን የገዛ ሰው ኢሞርታል ኢምፓየርስ የሚባለው ትልቅ ካርታ ላይ ጦሮቹን ሁሉ ይዞ ይገባል፣ በ2016 የከፈላችሁበት ዲኤልሲ ሦስተኛው ላይ ይሠራል። አዲስ ሲወጣ አሮጌው ዜሮ የማይሆንበት እንደዚህ ያለ አሠራር ብዙ ጌም ላይ አላየሁም። ደግሞ ያልገዛችሁት ጦር ካርታው ላይ ጠላት ሆኖ ይመጣል፣ ትዋጉታላችሁ፣ መምራት ብቻ ነው የማትችሉት፣ ስለዚህ ሦስተኛውን ብቻ ገዝታችሁ ስትጫወቱ የትኛውን ጦር እንደወደዳችሁ ሜዳ ላይ አይታችሁ ከዛ እሱን ብቻ ትጨምራላችሁ። ኦገስት 2023 ላይ ሻዶውስ ኦፍ ቼንጅ የሚባለው ዲኤልሲ ዋጋው ጨምሮ ይዘቱ አንሶ ሲወጣ ሰው ተቆጣ፣ ቆይተው ለገዙት በነፃ ጨመሩበት፣ በኤፕሪል 2024 የወጣውን ስሮንስ ኦፍ ዲኬይን ደግሞ ሦስት ቦታ ከፍለው ለየብቻ መግዛት እንዲቻል አደረጉት። መቆጣት ይሠራል፣ በተለይ ሳይገዙ መቆጣት።

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ላይ ብዙ አልቆይም። የሁለተኛው ጌም የታደሰ ቅጂ፣ 2 ዴፊኒቲቭ ኤዲሽን፣ ኖቬምበር 2019 ወጥቶ እስካሁን ዲኤልሲ ይጨመርበታል፣ ከቤዝ ጌሙ ጋር ብቻ የሚመጣው የሥልጣኔ ብዛት ለዓመታት ይበቃል፣ ያልገዛችሁትን ሥልጣኔ ይዞ ከሚመጣ ሰው ጋርም መጫወት ትችላላችሁ። 4 በ2021 ሲወጣ ስስ ነበር፣ በ2022 ኦቶማንና ማሊን በነፃ ሰጠ፣ ኖቬምበር 2023 ላይ ሱልጣንስ አሴንድ የሚባለው ኤክስፓንሽን ሲመጣ ደግሞ ስድስት አዲስ የሥልጣኔ ምርጫ ጨመረ። ሥልጣኔዎቹ በጣም እንዲለያዩ የሚፈልግ 4ን፣ ብዙ ካምፔን (ተከታታይ የታሪክ ጨዋታ) እና ትልቅ የተጫዋች ማኅበረሰብ የሚፈልግ 2ን ይውሰድ፣ እኔ 2 ላይ ነኝ።

ለማንኛውም ስቲም ላይ ሪፈንድ (ገንዘባችሁን መልሳችሁ) ለማግኘት በገዛችሁ በ14 ቀን ውስጥ መሆን አለበት፣ የተጫወታችሁትም ከሁለት ሰዓት በታች። ለስትራቴጂ ጌም ሁለት ሰዓት ምንም አይደለም፣ ቱቶሪያሉን እንኳን አትጨርሱም፣ ያ በሽታ ደግሞ ሃያኛው ሰዓት ላይ ነው የሚታየው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሰው ሲጫወተው ቪዲዮ ላይ እዩ፣ ግን መጀመሪያውን ሳይሆን የመጨረሻውን ክፍል፣ እዛ ጋ ሰውዬው ምን እየወሰነ እንደሆነ ተመልከቱ። ኤክስፓንሽንም ሪፈንድ ይደረጋል፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ኤክስፓንሽኑን ከገዛችሁ በኋላ ዋናው ጌም ላይ ባሳለፋችሁት ነው፣ እና ገዝታችሁ ወዲያው ረጅም ካምፔን ከምትጀምሩ አዲሱ ሲስተም ያለበትን ቦታ መጀመሪያ ክፈቱና ሁለቱ ሰዓት ሳይሞላ እሱን ሞክሩት።