ሙዚቃውን በኪሱ ለሚይዝ ሾፌር የትኛው የመኪና ቴፕ ይሻላል?

ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ ወይም ከሰበታ ተነሥቶ በየማለዳው መሀል ከተማ የሚገባ ሰው ከቀኑ ብዙውን ሰዓት መሪ ጨብጦ ያሳልፋል። ለእንዲህ ያለ ሰው ጥሩ የመኪና ቴፕ ቅንጦት አይደለም። በተለይ ዘፈኑን፣ መዝሙሩን ወይም ትረካውን ከኢንተርኔት ሳይሆን ከራሱ ማጫወቻ ለሚሰማ። ማጫወቻው ከውጭ ዘመድ የላከው አሮጌ አይፖድ፣ ትንሽ የቻይና ኤም ፒ ስሪ ወይም ሲም ወጥቶለት ለሙዚቃ ብቻ የተመደበ ስልክ ሊሆን ይችላል። ኔትወርክ ቢጠፋም ጥቅል ቢያልቅም ሙዚቃው አይቋረጥም። የሚቸግረው ማጫወቻውን በወጉ የሚቀበል ቴፕ ማግኘቱ ነው።

ገበያው ውስጥ አራት መንገዶች አሉ፦ ከሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካው የኤፍ ኤም አስተላላፊ፣ ማጫወቻውን ከቴፑ ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው የኦክስ ገመድ፣ ዩኤስቢና ብሉቱዝ ያለው ጠባቡ ባለ አንድ ዲን ቴፕ፣ እንዲሁም ትልቁ የአንድሮይድ ስክሪን። እኔ ለአብዛኛው ሰው ሦስተኛውን እመርጣለሁ፤ የማልመርጥባቸውን ሁኔታዎችም እናገራለሁ።

ከሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካው

ዋጋው ከሁሉም ያንሳል፤ ዳሽቦርድ አያስፈታም፣ ባለሙያም አይፈልግም። ማጫወቻውን በገመድ ወይም በብሉቱዝ ይቀበልና በኤፍ ኤም ሞገድ ወደ መኪናው ራዲዮ ይልከዋል። ችግሩ የሚጀምረው ከራዲዮው ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ያገለገሉ ቪትዞችና ኮሮላዎች ላይ ያለው የፋብሪካ ራዲዮ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ያለውን ብቻ ይይዛል፤ አዳዲሶቹ እስከ 95 ይደርሳሉ። አስተላላፊው ደግሞ የሚሠራው ከ87.5 እስከ 108 ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ስለሆነ ጥሩ ክፍት ሞገድ የመምረጥ ዕድላችሁ ትንሽ ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1 እና ሸገር 102.1 በእነዚህ ራዲዮኖች የማይሰሙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከአንቴናው ሽቦ ላይ የሚገጠም ሞገድ ቀናሽ ዕቃ አለ፤ ለምሳሌ 18 ሜጋኸርዝ የሚቀንሰው ሲገጠም ሸገር 84.1 ላይ ይገኛል። ይህ ለራዲዮ ይጠቅማል፤ ለማጫወቻ ግን መፍትሔ አይደለም።

ራዲዮው ሙሉውን ሞገድ ቢይዝ እንኳ የኤፍ ኤም ድምፅ ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን አያሳልፍም፤ ሹሹታም ይጨምራል። በዓቢይ ጾም ብዙ መኪና ውስጥ የሚከፈተውን በገና ለፈተና ውሰዱ። በአንድ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጸጥታ የዜማው አካል ነው፤ ከጅማቱ ሥር ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚወጣው ንዝረትም እንዲሁ። የዓለሙ አጋን በገና በአስተላላፊ ስትሰሙ ያ ጸጥታ በሹሹታ ይሞላል። ለዜናና ለትረካ ይበቃ ይሆናል፤ ሙዚቃ ለሚወድ ሰው ግን አልመክረውም።

የኦክስ ገመድ

አሁን ያለው ቴፕ ላይ 3.5 ሚሊሜትር የኦክስ ቀዳዳ ካለ ምንም ሳትገዙ ከአስተላላፊው እጅግ የተሻለ ድምፅ ታገኛላችሁ። ኦክስ የፋይል ዓይነት አይመርጥም፣ ሜሞሪው እንዴት ፎርማት እንደተደረገ አይጠይቅም፤ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለው ማጫወቻ ሁሉ ይሠራበታል። የማጫወቻውን ድምፅ ከጣሪያው ትንሽ ዝቅ አድርጉና የቀረውን በቴፑ ጨምሩ፤ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ በጣም ከቀነሰ ደግሞ ሹሹታው ይጎላል።

ድክመቱ ሁለት ነው። ማጫወቻውን በዚያው መኪና ቻርጅ እያደረጋችሁ ስታጫውቱ ሞተሩ ሲፈጥን አብሮ የሚጨምር ፉጨት ይመጣል። በገመዱ መሀል የሚገባ ድምፅ ማጣሪያ ያስቀረዋል፤ ወይም ማታ ቤት ቻርጅ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፦ ዘፈን ለመቀየር ማጫወቻውን ራሱን መንካት ግድ ነው። በኮብልስቶንና በኮረኮንች ላይ፣ ባጃጅና ጋሪ በሚጋፋበት መንገድ፣ ዓይን ከመንገድ ላይ መነሣት የለበትም። ኮረኮንቹ ቀዳዳውንም ያላላዋል፤ ትንሽ ቆይቶ አንዱ ስፒከር ብቻ መጮህ ይጀምራል። እንደ አይፎን 7 ያሉ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡ ብዙ ስልኮች ደግሞ ቀዳዳው ጭራሽ የላቸውም።

ባለ አንድ ዲን ቴፕ

ይህ 180 በ50 ሚሊሜትር የሆነው ጠባቡ ቴፕ ነው። የቶዮታ ዳሽቦርድ ክፍተት 200 በ100 ገደማ ስለሚሆን የጎንና የታች መሙያ ፍሬም አብሮ መግዛት ያስፈልጋል። ያለ ፍሬም የተገጠመ ቴፕ በኮረኮንች ላይ ይንቀጠቀጣል።

አይፖድ ያለው ሰው እዚህ ላይ ልብ ይበል። አይፖድ ዘፈኖቹን በራሱ መዝገብ ያስቀምጣቸዋል፤ የፋይሎቹ ስም ትርጉም የሌላቸው አራት ፊደላት ነው። ስለዚህ አይፖድን እንደ ተራ ፍላሽ ብቻ የሚያነብ ቴፕ ቢከፍተው እንኳ የዘፋኝና የአልበም ቅደም ተከተል የለም፤ በማክ ኮምፒውተር የተዘጋጀ ከሆነ ጨርሶ ላይከፍተው ይችላል። የምትፈልጉት ካርቶኑ ላይ ለአይፖድ መሠራቱ በግልጽ የተጻፈበትን ነው። እንዲህ ያለው ቴፕ የአይፖዱን ዝርዝር ወደ ራሱ ቁልፎች ያመጣዋል፣ ባትሪውንም ይሞላል። አፕል አይፖድ ማምረቱን በ2022 እ.ኤ.አ. አቁሟል፤ ስለዚህ ከአዳዲስ ቴፖች ይልቅ ጥቂት ዓመታት የቆየ፣ ግን ያልተጎዳ የታወቀ ብራንድ ቴፕ አንዳንዴ ይሻላል። ሰፊው ባለ 30 ፒን ገመድም ሆነ ከ2012 እ.ኤ.አ. በኋላ የመጣው ትንሹ፣ የራሳችሁን ገመድ ይዛችሁ ሂዱ።

የአንድሮይድ ስልክና አንዳንድ ኤም ፒ ስሪዎች ሌላ ጠባይ አላቸው። በዩኤስቢ ሲሰኩ እንደ ፍላሽ አይታዩም፤ ኤም ቲ ፒ በሚባለው መንገድ ነው የሚነጋገሩት፤ ብዙ ቴፕ ደግሞ ይህን አያውቅም። ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል እንጂ ዘፈን አይወጣም። ማጫወቻችሁ በቅንብሩ ውስጥ እንደ ፍላሽ የመሥራት አማራጭ ካለው ያንን ምረጡ። ስልክ ከሆነ ብሉቱዝ ይሻላል። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ነው የሚልከው፤ ነገር ግን ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ የጎማና የነፋስ ድምፅ እያለ፣ በፋብሪካ ስፒከር፣ በብሉቱዝና በዩኤስቢ መካከል ያለውን ልዩነት የሚለይ ጆሮ ጥቂት ነው።

ሙዚቃውን ወደ ሜሞሪ የሚገለብጥ ሰውም የሚያየው አለ። ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆኑ ሜሞሪ ካርዶች ከፋብሪካ ኤክስ ፋት በሚባል ፎርማት ይመጣሉ፤ ብዙ ቴፕ የሚያነበው ፋት 32 ብቻ ነው። ፍላክ የሚባለውን፣ የድምፁን ጥራት ሳይቀንስ የሚጨመቅ ፋይል የምትጠቀሙ ከሆነም ስሙን ካርቶኑ ላይ ፈልጉት።

ሻጮች የማይናገሩት አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ፦ ፊደላችን። ባለ አንድ ዲን ቴፖች በአብዛኛው የግዕዝ ፊደል አያሳዩም። «ጥላሁን ገሠሠ» ወይም «አስቴር አወቀ» ብላችሁ በጥንቃቄ የጻፋችሁት ስም ባዶ ቦታ ወይም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ያሳዝናል፣ ግን መላ አለው፦ የአቃፊዎቹን ስም በላቲን ፊደል ወይም በተራ ቁጥር ጻፉና የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ልመዱ። ለትረካ አድማጭ የሚያስፈልገው ሌላ ነው፤ ቴፑ ጠፍቶ ሲበራ ካቆመበት ይቀጥላል ወይስ ከመጀመሪያው ይጀምራል? ረጅም ትረካን ከመሀሉ መፈለግ አድካሚ ነው።

ካርቶኑ ላይ «50 ዋት በ4» የሚለውን አትመኑ። የቴፑን ጀርባ ገልብጡና ፊውዙን እዩ። 10 አምፔር ከሆነ፣ ሞተር ሲሠራ ባለው 14.4 ቮልት ሲባዛ በድምሩ 144 ዋት ነው፤ ከዚያ 200 ዋት ያለማቋረጥ ሊወጣ አይችልም። ለአንድ ስፒከር በትክክል የሚደርሰው 20 ዋት አካባቢ ነው። ለቪትዝ ይህ ይበቃል፤ ከቴፑ ዋት ይልቅ የፊት በር ስፒከሮችን መቀየር የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ሁለት ነገሮች ይህን ቴፕ ያስመርጡኛል፦ ሳያዩ በእጅ የሚገኝ የሚዞር የድምፅ ቁልፍ፣ እና በብዙዎቹ ላይ የሚነቀል የፊት ገጽ። መኪናውን ግቢ ውስጥ ሳይሆን መንገድ ዳር ለሚያሳድር ሰው ፊቱ የተነቀለ ቴፕ ሌባን አያጓጓም።

ትልቁ ስክሪን

የኋላ ካሜራ ያሳያል፣ ካርታ ይይዛል፣ የግዕዝ ፊደልም ያነባል። ጠባብ ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ እየገባ ለሚያቆም ሰው ካሜራው ብቻውን ያስገዛዋል። ለማጫወቻ ባለቤት ግን ርካሾቹ አያስደስቱም። 1 ጊጋባይት ራም ያለው ስክሪን ለመነሣት ይዘገያል፤ አይፖድን በወጉ የማያውቁ ብዙ ናቸው። የራዲዮ ተቀባያቸው ደካማ ስለሆነ ከከተማ በራቃችሁ ቁጥር ጣቢያው ይንሾካሾካል። መኪናው ለቀናት ሲቆም ባትሪ የሚጨርሱም አሉ። ስክሪን የምትገዙ ከሆነ ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና የሚዞር የድምፅ ቁልፍ ያለውን ምረጡ፤ ካልሆነ ገንዘቡን ለስፒከር አውሉት።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ያሉት ቪትዞች ገና ብዙ ያገለግላሉ፤ ቴፕ መቀየሩም ትርጉም አለው። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ግን የፋብሪካውን ስክሪን አይንካ፤ የመኪናው ቅንብር ከእሱ ጋር የተሳሰረ ነው።

አይሱዙ የምትነዱ ደግሞ ኤሌክትሪኩ 24 ቮልት መሆኑን አትርሱ። ለ12 ቮልት የተሠራ ቴፕ በቀጥታ ከተገጠመ ይቃጠላል። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ዕቃ ይገጠም፤ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ መውሰድ ባትሪዎቹን ያበላሻል።

ሱቅ ስትገቡ

መርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ አያት ወይም ጀሞ ካለ የመኪና ዕቃ ሱቅ ስትገዙ ማጫወቻችሁን፣ ገመዱንና የሞላ ሜሞሪ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ቴፑን ከባትሪ ጋር አገናኝቶ በእናንተው ማጫወቻ ያሰማችሁ። ዘፈን በቴፑ ቁልፍ ቀይሩ፣ አጥፍታችሁ አብሩ፣ በጸጥታው ክፍል ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ሹሹታውን ስሙ። ይህን የማይፈቅድ ሱቅ ካጋጠማችሁ ወደ ጎረቤቱ ግቡ።

ሲገጠም የመኪናው የፋብሪካ ሶኬት እንዳይቆረጥ። ለቶዮታ የሚሆን መገናኛ ሶኬት በርካሽ ይገኛል፤ ኋላ መኪናውን ስትሸጡ የፋብሪካውን ቴፕ መመለስ ትችላላችሁ። በተለመደው አሠራር ቢጫው ሽቦ ሁልጊዜ ከባትሪ ጋር ይገናኛል፣ ቀዩ የመኪናው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ፣ ጥቁሩ ከቦዲ ጋር። ቢጫና ቀዩ አንድ ላይ ከቁልፉ መስመር ከታሰሩ ቴፑ መኪናው በጠፋ ቁጥር ጣቢያውንና ትረካው ያቆመበትን ይረሳል፤ ሁለቱም በቀጥታ ከባትሪ ከታሰሩ ደግሞ ጠዋት መኪናው ላይነሣ ይችላል። ኤሌክትሪሽያኑ ዳሽቦርዱን ከመዝጋቱ በፊት ቁልፉን ነቅላችሁ መልሳችሁ ክፈቱና ይህን አረጋግጡ።