«14-20» የሚል ማይክሮሜትር ከመግዛታችሁ በፊት

መርካቶ አሮጌ የቶርኖ ቤት መሣሪያ ልትገዙ የምትሄዱ የሙያ ጓደኞቼ፣ እባካችሁ ይህን አንብባችሁ ሂዱ። እኔ 4,800 ብር ከፍዬ ለሥራዬ የማይሆን ዕቃ ይዤ ተመልሻለሁ።

የምፈልገው ተራ ማይክሮሜትር፣ ማለትም ውፍረትን በጣም በረቂቁ የሚለካ መሣሪያ ነበር። ኩሽኔታ (ቤሪንግ) የሚገባበትን ሻፍት ቶርኖ ላይ ለመሥራት ካሊፐር (ተንሸራታች መለኪያ) አይበቃም። 6204 የሚባለው ኩሽኔታ ቀዳዳው 20 ሚሊ ነው። ጠበቅ ብሎ እንዲገባ በተለምዶ ሻፍቱ ከ20 ሚሊ የሚበልጠው ከ2 እስከ 15 ማይክሮን (የሚሊ ሺህኛ) ብቻ ነው። ይህን ካሊፐር አይነግራችሁም።

ሻጩ አንድ አሮጌ ዕቃ አወጣልኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ የድሮ የአሜሪካ ብረት ነው» አለኝ። እውነትም የስታሬት ስም ተቀርጾበታል። ስታሬት ከ1880 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማሳቹሴትስ መለኪያ ሲሠራ የኖረ ነው፣ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ስሙን ያውቀዋል። እኔም ስሙን ካየሁ በኋላ ሌላውን ነገር በደንብ አላየሁም። የሚለካውን ነገር ከሚይዙት ሁለት ጫፎች አንደኛው ሹል ነው፣ ሌላኛው መሐሉ ላይ እንደ ሸለቆ ተቦርብሯል። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «ጠባብ ቦታ እንዲገባ ነው» አለኝ። 14-20 የሚለውን ቁጥርስ? «ከ14 እስከ 20 ሚሊ ይለካል ማለት ነው» አለ። የእኔ ሻፍት 20 ሚሊ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

ወርክሾፕ ገብቼ ልኩን በማውቀው 10 ሚሊ ፒን ሞከርኩት። ከ4 ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ። ደጋግሜ ለካሁ፣ ያው ነው። ተበላሽቷል ብዬ ደነገጥኩ። ቶርኖ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ጋሼ ጎረቤቴ አሉ፣ ወስጄ አሳየኋቸው። ገና ሲያዩት «ልጄ፣ ይሄ ደህና ነው። የብሎን ጥርስ መለኪያ ነው፣ ያውም የኢንች» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሹሉ ጫፍ በሁለት ጥርስ መሐል ይገባል፣ የተቦረቦረው በሌላው ጎን አንዱን ጥርስ ይታቀፋል። እንዲህ አድርጎ የብሎኑን ጥርስ ልክ ይለካል። 14-20 ማለት በአንድ ኢንች ውስጥ ከ14 እስከ 20 ጥርስ ላለው ብሎን የተሠራ ነው ማለት ነው። ከሚሊ ጋር ግንኙነት የለውም። ለስላሳ ሻፍት ላይ ብታደርጉት ሹሉ የሚገባበት ስለማያገኝ ከእውነተኛው ልክ አብልጦ ያሳያል። እኔን 4 ያሳየኝም አራት አሥረኛ ኢንች ነበር፣ ማለትም 10.16 ሚሊ። ትርፉ የመጣው ከጫፎቹ ቅርጽ ነው።

ኢንች ይሁን ሚሊ ለመለየት የሚሽከረከረውን ከበሮ ዙሪያ መስመር ቁጠሩ። ይህን ብቻ ባደርግ ኖሮ ገንዘቤ አይሄድም ነበር። 25 ክፍል ካለው ኢንች ነው፣ አንዱ ክፍል የኢንች አንድ ሺህኛ ነው። በብዛት የምናገኘው የሚሊ ማይክሮሜትር 50 ክፍል አለው፣ አንዱ ክፍል 0.01 ሚሊ ነው። ቋሚው ክፍል ላይ ደግሞ የሚሊው 0፣ 5፣ 10፣ 15 እያለ ይሄዳል። የኢንቹ 0፣ 1፣ 2፣ 3 ነው የሚለው።

ለተራ ሥራ የምትገዙ ከሆነ ሁለቱም ጫፎች ጠፍጣፋ መሆን አለባቸው። በብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈገ ካያችሁ ተዉት። አዲስ መስሎ ያብለጨልጫል፣ ግን ጠፍጣፋነቱ ሄዷል። ዜሮ ላይ መግጠሙም ብቻውን በቂ አይደለም፣ ውስጡ የተበላ ዕቃ ዜሮ ላይ ገጥሞ ሌላ ቦታ ላይ ሊስት ይችላል።

ስለዚህ ስትሄዱ አንድ አዲስ፣ ጥሩ ሥሪት ያለው 608 ኩሽኔታ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። የውጭ ስፋቱ 22 ሚሊ ነው፣ ከዚያ ቢጎድል እንኳ ከ9 ማይክሮን አይበልጥም። ማይክሮሜትሩ 22.00 ወይም እሱን የነካ ካላሳየ አትግዙ። በውፍረቱ ግን አትሞክሩ። 7 ሚሊ ይባላል እንጂ እስከ 0.12 ሚሊ እንዲያንስ ይፈቀዳል። ሻጩ «አላስለካም» ካላችሁ ጥላችሁ ሂዱ።

እኔ በማግስቱ ልመልስ ሄጄ ነበር። «አይተህ ነው የወሰድከው» አለኝ። ደረሰኝ የለኝም፣ ምን እንደሸጠልኝ በጽሑፍ የለኝም። እናንተ ቢያንስ «ካልሠራ እመልሳለሁ» ብላችሁ ስሙንና ዋጋውን አስጽፉ፣ ወይም የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ጋሼን ይዤ ብሄድ ኖሮ ሁለት ደቂቃ አይፈጅባቸውም ነበር።

ዕቃው አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ። የኢንች ብሎን ጥርስ የሚያወጣ ሰው ካለ ከገዛሁበት ባነሰ ዋጋ እሰጠዋለሁ። በ14 እና በ20 መሐል ባለ ጥርስ ብቻ እንደሚሠራ ግን ቀድሜ እነግረዋለሁ።