ቀይ ሽኮኮ ላሳዩን አስጎብኚ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ለንደንና አካባቢዋ ያላችሁ ሁሉ፣ ብርዱ ገባ ብላችሁ ልጆቻችሁን ቤት ከመዝጋታችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጄ ቀይ ሽኮኮ ካላየሁ ብሎ ሲጨቀጭቀን ከረመ። እዚህ መናፈሻው ሁሉ የሞላው ግራጫው ነው፤ እሱ ደግሞ በ19ኛው መቶ ዘመን ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። ባላገሩ ቀዩ ነበር። ግራጫው ምግቡን ተሻማው፤ ከዚያም ብሶ እሱን ብዙም የማይነካው፣ ቀዩን ግን የሚፈጅ እንደ ፈንጣጣ ያለ ቫይረስ አጋባበት፤ ከአብዛኛው እንግሊዝ ጠፋ። አይል ኦፍ ዋይት ደሴት ላይ የተረፈው ባሕሩ ስለከለለው ነው።

ባለፈው ኦገስት በአንድ ድርጅት በኩል ሄደን ነበር። ሠላሳ ሰው ተግተልትለን፣ ሕፃን እያለቀሰ፣ ስልክ እየጮኸ፤ ያየነው ቅጠል ሲነቃነቅ ብቻ። ልጁ መርከቡ ላይ እንዳኮረፈ እንቅልፍ ወሰደው።

ኖቬምበር መጨረሻ ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የጠቆመችኝ አስጎብኚ ጋ ደወልኩ። ጡረታ የወጡ የደን ሠራተኛ ናቸው፤ ስማቸውን ለመጻፍ ስላላስፈቀድኳቸው ጋሼ ልበላቸው። «በዚህ ብርድ አይተኙም እንዴ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ሽኮኮ ብርዱን ሙሉ ተኝቶ አያሳልፍም። ቅጠሉ ሲረግፍ ደግሞ መደበቂያ ያጣል፤ እንዲያውም አሁን ኑ» አሉኝ።

እናቴም ከጎንደር መጥታ ስለነበር ይዘናት ሄድን። ሽኮኮ ልናይ ነው ስላት «ዳዊት ላይ ዐለት መሸሸጊያው የተባለው?» አለች። እውነቷን ነው፣ እኛ ሁለቱንም በአንድ ስም ነው የምንጠራቸው። ይሄኛው ዛፍ ላይ ነው የሚኖር ብላት ብዙም አላመነችኝ።

ጋሼ ደሴቲቱ ላይ ጀልባው የሚያወርደን ራይድ ወደብ ድረስ መጥተው በመኪናቸው ፓርክኸርስት ጫካ አደረሱን። በአንድ ጊዜ ከአምስት ሰው በላይ አይቀበሉም። የእናቴን የጉልበት ሕመም በስልክ ነግሬያቸው ስለነበር ታጣፊ ወንበር ይዘዋል፤ በየመቶ እርምጃው ይዘረጉላታል፣ ደከመሽ ወይ እንኳ ሳይሉ።

ሽኮኮውን ከመፈለጋችን በፊት መሬቱን አስነበቡን። ለሁለት የተፈለቀቀ የሄዝልነት ቅርፊት አንስተው «አይጥ ቢሆን ክብ ቀዳዳ ነው የሚበሳው» አሉ። ቀጥለው አንድ የጥድ ፍሬ ሰጡን፤ ዙሪያው ተግጦ መሀሉ ብቻ ቀርቷል። እናቴ አገላብጣ አይታ «ቆረቆንዳ አይመስልም?» አለች። በቆሎ ተበልቶ የሚቀረው ማለቷ ነው ብዬ ስተረጉምላቸው ከት ብለው ሳቁ።

የልጄ ጃኬት ሲንኮሻኮሽ ሰምተው አስወለቁት። እናቴ ጋቢዋን ደረበችለት። ዝም ብለን ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀመጥን። መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት፤ በጣቷ ሳይሆን በአገጯ አመለከተችን። ከግንዱ ላይ በጭንቅላቱ ቁልቁል ወረደ። ቀይ ይሉታል እንጂ ዳማ ነው፣ ልክ እንደ ዳማ ፈረስ። ጆሮው ጫፍ ላይ በብርድ ወራት የሚረዝም ጸጉር ቆሟል። ከኛ ስድስት እርምጃ ቢርቅ ነው። አፈሩን ጫረ፣ የያዘውን ፍሬ ቀበረ፣ በሁለት እጁ ደልደል ደልደል አድርጎ ቅጠል አለበሰበት። ልጄ ጋቢውን አፉ ላይ ጠቅጥቆ ሳቁን ያፍናል።

ከዚያ በኋላ ሦስት አየን፣ የመጀመሪያውን ግን አልተካከሉም። ያቺን ቆረቆንዳ እናቴ በመሀረብ ጠቅልላ ጎንደር ይዛት ሄደች።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። አማርኛ እንደማያነቡ አውቃለሁ፤ ልጄ ተርጉሞ እልካለሁ ብሏል።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከፖርትስማውዝ የሚነሳው ፈጣን ጀልባ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ጠዋት ተነሱ፣ ጭቃ የሚችል ጫማ አድርጉ፣ ጋሼ ካርድ ስለማይቀበሉ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ጊዜ ከተረፋችሁ የደሴቲቱን ባቡር ተሳፈሩ፤ የድሮው የለንደን ዲስትሪክት መስመር ባቡር ታድሶ ነው እዚያ የሚሠራው። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ።