ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፦ በትንሿ ቀለበት ሲመዘን

«ሲል» እና «ሴል» የሚለዩት በቀኝ እግር ጫፍ ነው፤ ሣልሱ አጭር ጭረት አለው፣ ኃምሱ ትንሽ ቀለበት። የቀለበቷ ሆድ ከተደፈነ አንባቢው ቃሉን የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ገምቶ ነው፤ ገጽ ሙሉ እየገመቱ ማንበብ ደግሞ ያደክማል። የጉግልን ነፃ ፎንት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመዘንነውም በዚህችው ቀለበት ነው።

በመደበኛ ውፍረቱ፣ ማለትም በውፍረት ቁጥር 400፣ በደንብ ያልፋል። መስመሮቹ ውፍረታቸው ብዙ ስለማይለያይ ቀጭኑ ጭረት በስልክ ስክሪን ላይ አይጠፋም። «ሰማ» ከ«ሸማ»፣ «ደመረ» ከ«ጀመረ» ጋር አይምታታም። ለረጅም ጽሑፍ ግን ከ16 ፒክስል ባይወርዱ ይሻላል።

ውፍረቱ ከ100 እስከ 900 ይደርሳል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ፊደል ሲወፍር ቀለሙ ወደ ውስጥም ስለሚሰፋ መጀመሪያ የምትዘጋው ቀለበቷ ናት። ለርዕስ 600 ወይም 700 ይበቃል፤ 900 ለትልልቅ ጽሑፍ ብቻ ይሁን። ፎንቱ ወደ ጎን እስከ መደበኛ ስፋቱ 62.5 በመቶ ድረስ ይጠባል። ለጠባብ ሰንጠረዥ ግሩም ነው፣ ለአንቀጽ ግን አይሆንም።

በወረቀት ላይ ለሚነበብ ረጅም ጽሑፍ ምርጫችን አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የተባለው ሌላ ፎንት ነው። የእጅ ጽሕፈትን ወግ ስለተከተለ ወፍራሙና ቀጭኑ መስመር ተፈራርቆ ለዓይን ያርፋል፤ በእውነት ያማረ ሥራ ነው። ጉድለቱ ያለው አንድ ውፍረት ብቻ መሆኑ ነው። «ቦልድ» ሲጫኑ ፕሮግራሙ ራሱ ፊደሉን አደንድኖ ሐሰተኛ ቦልድ ይሠራል፣ ቀለበቶቹም ይደፈናሉ። ርዕሱን በመጠን ያሳድጉት ወይም በኖቶ 700 ይጻፉት።

የትኛውንም ቢመርጡ የመስመር ርቀቱን አይርሱ። የላቲን ትንንሽ ፊደላት አንዳንዶቹ ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚወጡ በመስመሮች መካከል ክፍተት ይተርፋል። የእኛዎቹ አብዛኞቹ ቁመቱን ስለሚሞሉት መስመሮቹ ተደራርበው ይታያሉ፣ ዓይንም የሚቀጥለውን መስመር ይስታል። ስክሪን ላይ የፊደሉን መጠን ከ1.6 እስከ 1.8 እጥፍ ያድርጉት።

ከመወሰንዎ በፊት «ሲ ሴ፣ ቢ ቤ፣ ኒ ኔ፣ ነ ኘ፣ ጠ ጨ» ብለው በሚጠቀሙበት ትንሹ መጠን ይጻፉና ስልኩን ክንድዎን ዘርግተው ይያዙት። አንዱ ጥንድ እንኳ ካምታታዎ መጠኑን በ2 ፒክስል ይጨምሩ፤ ያም ካላዳነው ፎንቱን ይቀይሩ።