በጣቴ ከፈልኩ፣ የቆምኩት ግን ሜሴጅ ጥበቃ ነው

አዲስ አበባን ካየሁ ቆይቷል። በስልክ ብር መክፈያው ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር እኔ ስዊድን ነበርኩ። ስለዚህ ዘንድሮ ስመጣ በሐሳቤ የነበረው ያው የድሮው ነው፤ ትልቁ ኖታችን 200 ብር ስለሆነ ለአንድ ቀን አስቤዛ ኪስ እስኪያብጥ ብር ይዞ መዞር፣ በየመንገዱም ኪስን እየዳበሱ መሄድ።

ተሳስቼ አይደለም፣ ከተማው ነው የተለወጠው። ሱፐርማርኬቱም ጉልቷም ቁጥር ለጥፈዋል። ቲማቲም የምትሸጠው ልጅ ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የሞባይል ቁጥሯንና የባንክ ሂሳቧን ጽፋ ከሚዛኑ አጠገብ አቁማዋለች። "ካሽ ነው ትራንስፈር?" ትላለች፣ አለቀ።

የተጠቀምኩበት የባንክ አፕ የሚከፈተው በጣት አሻራ ነው፣ ብር በምልክበት ጊዜም ያንኑ ይጠይቀኛል። ወድጄዋለሁ። ሰው በተጋፋበት ቦታ የይለፍ ቁጥር ከመጻፍ ይሻላል፤ ከኋላ አንገቱን አስግጎ የሚያይ መቼም አይጠፋም። የአጎቴ ልጅ "አሻራህን ለባንክ ሰጥተህ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል?" አለኝ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አሻራው እዚያው ስልኩ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ለአፑ የሚደርሰው "እሱ ነው" ወይም "አይደለም" የሚል መልስ ብቻ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እኛ ቤት ስልክ የጋራ ነው፤ የልጁም የሚስቱም ጣት አንድ ስልክ ላይ ተመዝግቦ አይቻለሁ። ስልኩን የሚከፍት ጣት ሁሉ ብዙ ጊዜ የባንክ አፑንም ይከፍታል፣ ይህን ያሰበበት ሰው ግን አላገኘሁም።

አሻራው ያስቸገረኝ ሾላ ገበያ፣ ቅቤ ተራ ነው። ቅቤ ሳይቀመስ አይገዛም። ከአንዱ ቆንጠር፣ ከሌላው ቆንጠር አድርጌ፣ ለጋውን መርጬ፣ ተከራክሬ ከተስማማን በኋላ ስልኬን አወጣሁ። ጣቴ በቅቤ ወዝቷል፣ ስልኩ አላወቀኝም። ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት፣ አሁንም እምቢ። ጥቂት ከሞከርኩ በኋላ ጭራሽ ቆልፎ የይለፍ ቁጥር ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ የግራ እጄንም አውራ ጣት አስመዝግቤያለሁ፤ ገበያ የምትወጡ ይህን አድርጉ።

እሺ፣ ተከፈለ። ሻጯ ግን ቅቤውን አልለቀቀችም። "ቆይ ጋሼ፣ ሜሴጁ አልገባልኝም።" ስልኬ ላይ "ተሳክቷል" የሚለውን አሳየኋት፣ ዞር ብላም አላየችው። በተቀናበረ ስክሪንሾት ዕቃ ይዘው የሄዱባት አሉ፤ እውነቷን ነው። ኔትወርኩ ደግሞ ያን ሰዓት ሞቷል። እኔ ብሬ ከሂሳቤ ወጥቷል፣ እሷ ብሩ አልደረሳትም፣ ቅቤው መሃላችን ተቀምጧል፤ እንዲህ ሆነን ስለ ጾሙ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ውጭ አገር ኑሮ አወራን። ሜሴጁ ሲገባ ምርቃትም ጨመረችልኝ። በጣት መክፈል ዓይን እስክንጨፍን ያልቃል፣ ወረፋውን የሚፈጥረው ይሄ ጥበቃ ነው። የባንክ ሰዎች ስለ አሻራ ከሚያስተዋውቁ ሻጩ ወዲያው የሚያውቅበትን መንገድ ቢያፈጥኑ እመርጣለሁ።

ደግሞ ሁሉም ጣት አይነበብም። እናቴን ለፋይዳ፣ ለብሔራዊ መታወቂያው፣ ምዝገባ ይዣት ሄጄ ነበር። 10ሩም ጣት ይነሳል፣ የሁለቱ ዓይኖች ብሌንና ፊትም አብረው ይነሳሉ። ዕድሜዋን በሙሉ በእጇ የሠራች ሴት ናት፣ ጣቷ ልሙጥ ሆኗል። መዝጋቢው ልጅ ትሁት ነው፤ "እማማ፣ ትንሽ ጫን ያድርጉት" እያለ፣ በሶፍት እየጠረገ ደጋገመው። ለመታወቂያው ዓይንም ፊትም ስለሚነሳ አላሳሰበኝም። ሱቅ ቆማ በጣቷ ብቻ ክፈዪ ብትባል ግን ምን ይውጣት ነበር? እሷ እንደሆነ ምንም አልመሰላትም። መቀነቷን ፈታ ለታክሲው ብር ስታወጣ "የእኔ ኔትወርክ አይጠፋም" አለችኝ።